በሳጥኑ ላይ አንድ መስመር

ሳሙናሽ ታሪክ የለውም ያለኝ ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። በቤተሰቡ ውስጥ «ሰርተፊኬት» ነው የምንለው። ስልጠና አለ የተባለበት አዳራሽ ሁሉ ገብቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ይመጣል። የንብ ማነብ አለው፣ የግጭት አፈታት አለው፣ የጊዜ አጠቃቀም አለው። ንብ ሲያይ ይሮጣል፣ ከጎረቤት ሁሉ ተጣልቷል፣ ሰዓት አክብሮ የደረሰበት ቦታ ቢኖር ምሳ ብቻ ነው። እኔ ሳሙና መሸጥ በጀመርኩበት ዓመት ደግሞ የሦስት ቀን የ«ብራንዲንግ» ስልጠና ወስዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ታሪክ ያስፈልገው ጀመር።

ሳሙናዬ ግን ታሪክ ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ገንዳ በማጠብ ጀምሬ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው የጨረስኩት። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሰው ወንበርና ጠረጴዛ ሲሻማ እኔ የያዝኩት የማውቀውን ብቻ ነበር። ጓሮ ያለችውን ትርፍ ክፍል አጸዳሁ፣ ስስ ሚዛን ገዛሁ፣ ዘይቱንና ኮስቲክ ሶዳውን በግራም እየመዘንኩ ማዋሃድ ጀመርኩ። የተዋሃደውን በእንጨት ቅርጽ አፈስሳለሁ፣ በማግስቱ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ አቆየዋለሁ። ስድስት ሳምንት ነው ያልኩት፤ አምስት አይደለም። ሳይደርስ የወጣ ሳሙና ቆዳ ይበላል።

የደረሰውን በካኪ ወረቀት ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ እሸጥ ነበር። ጎረቤት ይገዛኛል፣ ፀጉር ሠሪዋ ትገዛኛለች፣ ቆዳው አስቸጋሪ የሆነ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ትገዛኛለች። ታዲያ አንድ ቀን ዋናው መንገድ ላይ ያለው የስጦታ ዕቃ መሸጫ ባለቤት ሳሙናዬን ከአንዷ እጅ አግኝታ አስጠራችኝ። ከፊቴ እጇን ታጠበች፣ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች።

«ሳሙናሽ ግሩም ነው» አለችኝ። «መደርደሪያዬ ላይ ቦታ እሰጥሻለሁ። በዚህ ልብስ ግን አይሆንም። ሳጥን አሠሪለት፣ ሌብል ይኑረው፣ ከዚያ ነይ።»

ደስታዬን ይዤ እስክገባ መንገዱ አላልቅልሽ አለኝ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ሳጥን ላይ አንድ መስመር። «ያዘጋጀችው» ብሎ ስሜ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሁሉ በፋብሪካው ስም ወጥቷል፤ ማንም እጁን ሲታጠብ እኔን አላሰበኝም፤ ሊያስበኝም አይገባም ነበር። ይሄኛው ግን የእኔ ነው። አንድ መስመር መጠየቅ ብዙ አልመሰለኝም።

ስህተቴ ወሬውን እራት ላይ ማውራቴ ነው። በሁለተኛው ቀን ሰርተፊኬት «የብራንድ ኮሚቴ» አቋቋመ። ኮሚቴው እሱ፣ ባሌና አማቴ ናቸው። እኔ በተጋባዥነት ተጠራሁ።

ስብሰባው የተካሄደው አማቴ ቤት ነው፤ ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ፣ ከሰርተፊኬት ጋር ይኖራሉ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ሦስት የናሙና ሳጥን ተደርድሯል። ተንሸራታች ክዳን ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ፣ ሆዱ ላይ መስኮት ያለው፣ ባለ ጥብጣብ፣ ባለ ማግኔት። ሳሙና ግን የለም። «ላምጣ እንዴ?» ብል «ኋላ ይደርሳል» አለኝ ሰርተፊኬት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሳሙና ሳጥን ሲወራ «ሳሙና» የሚለውን ቃል ያነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አማቴ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ አሸተቱ። ባሌ ለእጁ የቀረበውን መረጠ። ደግ ሰው ነው ባሌ፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእሱ ተብሎ የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

በመጨረሻ ተንሸራታች ክዳን ያለው፣ ውስጡ የተቆራረጠ ወረቀት የተጎዘጎዘለት፣ ጽሑፉ በወርቅ ቀለም የሚታተመው ተመረጠ። ዋጋው ከሳሙናው ይበልጣል። ያም ይሁን። ሳሙናውን አምጥቼ ስሞክረው በአውራ ጣት ያህል ተርፎ ቀረ።

«ሳሙናው ነው የረዘመው» አለ ሰርተፊኬት።

ሳጥኑ ታዝዞ አልቆ ስለነበር ቅርጾቼን በሙሉ ወደ አናጢ ወሰድኩና በሳጥኑ ልክ አሳጠርኳቸው። ለእግር ጫማ ይሠራል እንጂ ለጫማ እግር ሲቆረጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ታሪክ ፍለጋ ተገባ። ሰርተፊኬት ግራፊክስ የሚሠራለትን ወጣት ይዞ መጣ። ልጁ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል ይጠይቀኛል።

«ማነው የሚሠራው?»

«እኔ።»

«ከማን ተማርሽው?»

«ፋብሪካ ስሠራ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነበር።

«ፋብሪካ የሚባል ነገር አይነሣም» አለ። «ሰው የእጅ ሥራ የሚገዛው ፋብሪካን ለመርሳት ነው። ቤታችሁ ውስጥ አሮጊት የለችም?»

ሁላችንም ሳናስበው ወደ አማቴ ዞርን።

«አሮጊት ማናት?» አሉ አማቴ።

አማቴ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እጃቸው የሚያውቀው ማኅተምና የማኅተም ቀለም ነው፤ ዕቃ እንኳ የሚያጥቡት ጓንት አድርገው ነው። ፀጉራቸውን በየሦስት ሳምንቱ ጥቁር ይቀባሉ። ይህን የሚያህል ሰው አሮጊት ብሎ የተረፈ የለም፤ ባለ ኮፍያውን ልጅ ግን ኮፍያው አዳነው መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ሳያይ ቀጠለ። «የሚያስፈልገኝ ፊት ነው። ደግ ፊት። እጃቸውን እንዲህ አድርገው ሳሙናውን የያዙ።» አማቴ «ደግ ፊት» ሲባሉ ትንሽ ለዘብ አሉ።

ፎቶ የተነሡ ቀን ሊፕስቲካቸውን አላጠፋም አሉ፣ የወርቅ ሐብላቸውንም አላወልቅም አሉ። ልጁ አልተከራከረም። ቤቱ ገብቶ በኮምፒውተር ሊፕስቲኩን አጠፋ፣ ሐብሉን አወለቀ፣ ፀጉራቸውን ነጭ አደረገና ሃያ ዓመት የሚያህል መጨማደድ ጨመረላቸው። ናሙናው ሲመጣ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አውልቀው አዩት።

«ይቺ ደግሞ ማናት? እናቴን ትመስላለች» አሉ።

ለሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ናሙናውን በፍሬም አድርገው ቡፌው ላይ አቁመውት አገኘሁ።

የሳጥኑ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የእማማ እጅ። ከሦስት ትውልድ የወረደ ጥበብ። በትዕግሥት፣ በፍቅር የተሠራ።» ሦስቱ ትውልድ እነማን እንደሆኑ ብጠይቅ ሰርተፊኬት በጣቱ ቆጠረልኝ። «እናቴ፣ የእናቴ እናት፣ የእሷ እናት።» ሦስቱም ሳሙና ከሱቅ ነው የገዙት። ይሁን አልኩ፤ ለአንዲት መስመሬ ስል ብዙ ነገር ይሁን ብያለሁ።

«ከታች፣ በትንሹ፣ ያዘጋጀችው ብላችሁ የእኔን ስም ጨምሩልኝ» አልኩ።

«ቦታ የለም፣ እህት ዓለም» አለ ሰርተፊኬት። «ደግሞም ታሪኩ አንድ ባለቤት ነው የሚፈልገው። ሁለት ሰው ካስገባንበት ይበላሻል። በስልጠናው ላይ በግልጽ ተነግሮናል።»

ባሌን አየሁት። ባሌ ሳጥኑን አየ።

ሳጥኖቹ ታትመው መጡ። አንዱን ገልብጬ ሳይ፣ ከሥሩ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስም፣ ሦስት የስልክ ቁጥርና «ባነር፣ ካርድ፣ ማኅተም እንሠራለን» የሚል ተጽፏል። አምስት መስመር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ከሳሙና ሳጥን በታች እንኳ መዋያ አጣ።

ሳሙናው ተሸጠ። ሐሰት አልናገርም፤ እንደ ጉድ ተሸጠ። የሱቁ ባለቤት በመጀመሪያው ወር ሁለቴ ጨምሩልኝ አለች። እኔ ጓሮዬ ውስጥ ጓንትና መነጽር አድርጌ አዋህዳለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እደረድራለሁ፤ ሰርተፊኬት ክዳን ያንሸራትታል፤ አማቴ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ወንበር ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ። ገዢ ሲመጣ ፈገግ ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ፈገግታ ነበር።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ሳሙናችን» ማለት ጀመሩ። ምንም አይደል፣ ቤተሰብ ነን አልኩ። በአምስተኛው ሳምንት «ሳሙናዬ» ሆነ። ከዚያ ፀጉራቸውን መቀባት ተዉ፤ ሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ሳጥኑን መምሰል ጀመሩ። አንድ ቀን ጓሮዬ ድረስ መጥተው ከኋላዬ ቆሙና የማዋህደውን አዩ።

«ትንሽ ቀጠን አታደርጊውም?» አሉ።

«መጠኑ በሚዛን ነው፣ እማማ።»

«ሚዛን ምን ያደርጋል? እኛ ድሮ በዓይናችን ነበር።»

እኛ ድሮ! ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የኖሩ ሴትዮ! በኮስቲክ ሶዳ የሚቀልድ ሰው ዓይኑን ነው የሚያጣው፤ እሳቸው በዓይናቸው ነበር ይሉኛል። የምመልሰው ሞልቶኝ ነበር። ግን አማት ናቸው፤ ዋጥኩት።

በዚያው ሰሞን የሱቁ ባለቤት «አሠራሩን ማየት እንፈልጋለን» ያሉ አራት ደንበኞቿን ይዛ መጣች። አማቴ ከፊት ከፊት እየሄዱ አስጎበኟቸው። ቅርጾቹን አሳዩ፣ መደርደሪያውን አሳዩ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ። እኔ ጓንቴን እንዳደረግኩ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። አንዷ ወደ እኔ ጠቆመችና «እሷስ?» አለች።

«እሷ ታግዘኛለች» አሉ አማቴ። «ትጉህ ናት።»

በዚያ ምሽት ለባሌ ነገርኩት። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት፤ ትጉህ የምትለዋ ቃል ነበረች የገደለችኝ። «እናቴ እኮ ናት» አለ። «ደስ ብሏት ሰንብታለች፣ ትንሽ ተያት።»

ሁለተኛ ዙር ሳጥን ሊታተም ሲል እንደገና መስመሬን ጠየቅኩ። ሰርተፊኬት አሁንም ቦታ የለም አለ፤ ለዚህኛው ዙር ደግሞ የአማቴ ፊርማ በወርቅ ቀለም ይገባበት ነበር።

ትዕዛዙ ከመደርደሪያዬ ሲበልጥ ሰርተፊኬት ሁለት ሳምንት ብቻ የቆየውን ሳሙና በሳጥን ክተቺ አለኝ።

«አልደረሰም» አልኩት። «ቆዳ ይበላል።»

«ከታሸገ በኋላ ማን ያየዋል?»

«ቆዳቸው ያየዋል።»

ተጣላን። እንግዲያው ከእኔ ጓሮ አንድ ሳሙና አይወጣም አልኩት። ይለምነኛል፣ ቢያንስ ይደነግጣል ብዬ ነበር። «ችግር የለም» አለኝ። እስከ ዛሬ ከሁሉም የሚቆጠቁጠኝ ይህ «ችግር የለም» ነው።

በእርግጥም ችግር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ለሳጥኑ ክብደት ልመዝን ወስጄ እዚያው የረሳሁትን ሚዛን ላመጣ አማቴ ቤት ስገባ፣ ያ ሃያ ሦስት ሳጥን የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ከጅምላ አከፋፋይ የመጣ ርካሽ ሳሙና ተከምሯል። ሳሙናው ላይ የፋብሪካው ስም በጉልህ ታትሞበታል። ሰርተፊኬትና አማቴ ትይዩ ተቀምጠው ስሙን በቢላ ይፍቃሉ። አማቴ ጓንት አላደረጉም። «የእማማ እጅ» ከተጀመረ ጀምሮ የእማማ እጅ ሳሙና ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተፋቀውን በሳጥን ሲከቱት ልክክ አለ፤ ከመጀመሪያውም ሳጥኑ የተለካው በሱቅ ሳሙና ልክ ኖሯል።

ሚዛኔን ይዤ ወጣሁ። ወደ ካኪ ወረቀቴም ተመለስኩ። የቤቴን የፊት ክፍል ጠረግኩ፣ አንድ ጠረጴዛ አወጣሁ፣ የደረሰ የደረሰውን ጠቀለልኩ። እያንዳንዱ ላይ በገዛ እጄ፣ በእስክሪብቶ፣ «ያዘጋጀችው» ብዬ ስሜን ጻፍኩበት። ፊደሌ አያምርም፤ ግን ቦታ ሞልቷል።

ወደ ስጦታ ዕቃ መሸጫዋም ሁለት ይዤ ሄድኩ። ባለቤቷ አሸተተች። በመጀመሪያው ቀን እጇን ታጥባ ግሩም ያለችው ያው ሳሙና ነው፤ የዘይቱና የሶዳው መጠን በግራም አልተለወጠም።

«አይከፋም» አለችኝ። «ግን እውነት ልንገርሽ? የእማማ እጅ ይጎድለዋል። የአሮጌ ሰው እጅ ያስታውቃል።»

ከሳቅና ከቁጣ የቱን እንደምመርጥ አላወቅኩም፤ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

የድሮ ደንበኞቼ ተመለሱ፣ አንዳንድ አዲስም መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት የጓሮው በር ተንኳኳ። ብከፍት አማቴ ናቸው፤ ሻሽ እስከ ግንባራቸው ወርዷል፣ ትልቅ የእጅ ቦርሳ ይዘዋል። ጓንት አድርገዋል። ከገቡ በኋላ አወለቁት። ሁለቱም እጃቸው ቀልቷል፣ ጣታቸው መገጣጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቋል።

«ያኛው ያሳክከኛል» አሉ።

«የትኛው፣ እማማ?»

«ያኛው ነዋ። አታውቂውም እንዴ?» አሉ፤ «የእኔ» ማለት አፋቸው እንቢ አለ። «ሦስት ስጪኝ። ከካኪው አውጥተሽ እዚህ ውስጥ አድርጊልኝ።» ከቦርሳቸው ሦስት ባዶ ሳጥን አወጡ። ሦስት እማማ ከሳጥኖቹ ላይ ደግ ደግ ሆነው አዩኝ።

እጃቸውን ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ እውነቴን ነው፣ አዘንኩላቸው። ሳጥኖቹን ሳይ ደግሞ ሐዘኔ በአንዴ ደረቀ።

«እሰጥዎታለሁ» አልኩ። «ሳሙና የምሸጠው ግን በፊት ለፊት በር ነው። የምሸጠውም በካኪ ወረቀት ነው።»

«ሰው ያየኛል እኮ፣ ልጄ።»

«ይየዎት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን አከኩ፣ ሳጥኖቹን ወደ ቦርሳቸው መለሱ፣ ጓንታቸውን አደረጉና በአጥሩ ዞረው ሄዱ። ቤታቸው ይገባሉ ብዬ ነበር። እኔ ወደ ፊት ክፍል ስወጣ ግን ጠረጴዛው ጋ ቆመው አገኘኋቸው፤ ከአንዲት የማላውቃት ደንበኛ ኋላ ተራ ይዘዋል። ሴትዮዋ ሁለት ሳሙና መርጣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስሜን እያነበበች ነበር። ዞር ስትል አማቴን አየች። እንደገና አየች።

«እርስዎ!» አለች። «የሳጥኗ እማማ አይደሉም እንዴ?»

አማቴ ሻሻቸውን ይበልጥ ወደ ታች ሳቡ።

«እዚህ ምን ይሠራሉ?»

አማቴ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ ከጠረጴዛው ኋላ በሁለት እጄ ሲባጎ ይዤ ቆሜያለሁ፤ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ይኸው መጣ እላለሁ በልቤ። ከዚህ በኋላ የትም መግቢያ የላቸውም። በገዛ እጃቸው የገዛ እጃቸውን ሸሽገው፣ እኔው ቤት ሳሙና ሊገዙ ተሰልፈዋል።

«ሳሙና ልገዛ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «የእሷ ይሻለኛል። ምራቴ ናት፤ ራሷ ናት የምትሠራው።»

እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዓይኔ ሞላ፣ በቃ ይቅር አልኳቸው፤ ሳጥኑንም፣ ፊርማውንም፣ «ትጉህ ናት»ንም ሁሉንም ይቅር አልኩ። ሦስት ሳሙና በነጻ ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ።

አማቴ በዚህ መሀል ቀና አሉ። ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፉት፤ ነጩ ፀጉር ወጣ። ያ ደግ ፊት ከየት እንደሆነ እንጃ መጥቶ ተደቀነ።

«ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ።

«ያስታውቃል!» አለች ሴትዮዋ። ሳሙናውን አንሥታ አሸተተችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። «የአሮጌ ሰው እጅ ያለበት ነገር የትም ያስታውቃል።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፋብሪካውን፣ አሥራ አንዱን ዓመት፣ መዝገብ ቤቱን፣ ቢላውን፣ ሁሉንም ምላሴ ላይ ደርድሬዋለሁ።

«እንግዲያው ሁለቱን ተዪውና አሥር አድርጊልኝ» አለች ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ።

አፌን ዘጋሁ፣ ሲባጎውን ቆረጥኩ፣ አሥሩን መጠቅለል ጀመርኩ።